ሐላል ማለት ጥያቄ ማቆም አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ጉዳዩ ገንዘብ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር ይሸጥ በነበረበት ሰሞን «ቲቸር፣ መግዛቱ ሐላል ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደረሰኝ። ሽያጩ አለቀ፣ ጥያቄው ግን አላለቀም። «ከወለድ ነፃ ደብተር ከከፈትኩ በቃ አይደል?» ይሉኛል። «ቴሌግራም ላይ ሐላል ኢንቨስትመንት የሚል አለ፣ ልግባ?» ይሉኛል። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ እንጂ ሸኽ አይደለሁም። ፈትዋ አልሰጥም። ፈትዋ የምትፈልጉ ወደ ዑለማ ሂዱ። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። በእኛ ዘንድ «ሐላል» የሚለው ቃል ጥያቄ ማቆሚያ ሆኗል። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈ በቃ፣ ብራችንን አስረክበን ወደ ቤት። የእስልምና የገንዘብ ሕግ ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጠይቅ የሚል ሕግ ነው። ማን ምን ሸጠ? ዕቃው የማን ነበር? ቢጠፋ በማን ይጠፋል? ትርፉ እንዴት ይከፈላል? ይህን ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሰጠ ሰው ሐላል ፈለገ አይባልም፤ ምልክት ገዛ ነው የሚባለው።

እስኪ ከመሠረቱ እንነሳ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ (2፥275) ንግድን ፈቅዶ ሪባን ይከለክላል። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ። በሁለቱም 100 ብር ወጥቶ 120 ብር ሊገባ ይችላል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ነጋዴው ዕቃ ገዝቷል፤ ዕቃው ሊበላሽ፣ ዋጋው ሊወርድ፣ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። አበዳሪው ግን ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም 20 ብሩን ቆጥሮ ይወስዳል። ስለዚህ የሕጉ እምብርት «ጥቅሙን የሚፈልግ ጉዳቱንም ይሸከም» የሚል ነው።

የቋንቋ ነገር ለምትወዱ አንድ ጨዋታ ላክል። ግዕዙ «ረብሐ» ይላል፣ አተረፈ፣ ጠቀመ ማለት ነው። ዐረብኛውም ትርፍን «ሪብሕ» ይለዋል። ሁለቱ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ሪብሕ የተፈቀደ ነው፣ ሪባ የተከለከለ ነው። በጆሮ ቢቀራረቡም በሕግ ፊት አይገናኙም።

ከሪባ ሌላ ሦስት አጥር አለ። አንዱ ገረር ነው፤ ምን እንደሚሸጥ በቅጡ ያልታወቀበት፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ውል። ሁለተኛው መይሲር ነው፤ ቁማር። ሦስተኛው የሥራው ዓይነት ነው፤ መጠጥ፣ አሳማና እነዚህን የመሰሉ ውስጥ ገንዘብ አታስገባም። ይኸው ነው። የቀረው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ፈቃዱ ከክልከላው ይበዛል።

አሁን ወደ አገራችን ወደ አዊ ልምጣ። አንዳንዱ ሰው ሙዳረባ፣ ሙሻረካ ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ይመስለዋል። ኧረ የገዛ ገበሬያችን ሲሠራበት የኖረ ነው! መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬና ጉልበት ያለው በሬውንና ጉልበቱን አዋጥተው ምርቱን የሚካፈሉበትን የእኩል እርሻ አታውቁም? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ የሰጡት በምርቱ እኩሌታ ነው። ላም በርቢ ሰጥቶ ጥጃውን መካፈልስ? ላሚቱ ካልወለደች ሁለቱም አላገኙም፤ ከወለደች ሁለቱም አገኙ። ሙዳረባ ማለት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ሥራ፣ ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ፣ ኪሳራው በገንዘቡ ባለቤት፣ የሠራተኛውም ድካም ከንቱ ይቀራል። ነቢዩ ከነቢይነታቸው በፊት በኸዲጃ ገንዘብ ነግደው ያተረፉት በዚሁ ዓይነት ሽርክና ነው።

ዲከረንሱን ተመልከቱ። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ስንቱ ገበሬ ነው እህሉን ትቶ ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው! ዛፉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገብቶበት የስንቱን ተክል አደረቀው። እስቲ አስቡት፦ ሁለት ገበሬዎች ለችግኝና ለቤት ወጪ ገንዘብ አስፈለጋቸው። አንደኛው በአራጣ ተበደረ። ሁለተኛው ከአንድ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ «ሲደርስ እንካፈላለን» አለ። በሽታው ሁለቱንም እኩል መታቸው። ሁለተኛው ተክሉን አጣ፣ ሸሪኩም ገንዘቡን አጣ፤ አብረው አዘኑ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነገር ሊሞክሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ግን ተክሉንም አጣ፣ ዕዳውም ቆመ፣ በየወሩም ወለደ። ከዚያ የሚሸጠው ምንድን ነው? በሬውን። ቀጥሎ መሬቱን ያከራያል። ሪባ የሚከለከልበትን ምክንያት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሰሞነኛውን ነገር ጨምሩበት። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በክልላችን መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ የጫነ መኪና ቀናት ሲቆም አይተናል። መንገድ ሲዘጋ ሱቁም ይዘጋል፣ ወለዱ ግን ይቆጥራል። ወለድ ጦርነት አያውቅም፣ ድርቅ አያውቅም። ሸሪክ ግን ያውቃል፣ ምክንያቱም የእሱም ገንዘብ መኪናው ላይ ነው።

ክረምት ላይ የሚደረገውንም ልጥቀስ። ገበሬው ሐምሌ ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ነጋዴ ይመጣና «ያንን የድንች ማሳ አሁን ልግዛህ» ብሎ በግምት ትንሽ ብር ያስይዘዋል። ድንቹ ገና መሬት ውስጥ ነው፣ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ማንም አያውቅም። ይሄ ገረር ነው። ከሁለት አንዱ መጎዳቱ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳውም የቸገረው ነው። እስልምና ግን «ተወው፣ ይራብ» አላለም። ሰለም የሚባል ውል አለ። ገዢው ሙሉ ዋጋውን አሁን ይከፍላል። ሻጩ የታወቀ መጠን፣ የታወቀ ዓይነት፣ በታወቀ ቀን ሊያስረክብ ይፈርማል፤ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህ ዓይነት ድንች፣ በዚህ ወር። ከአንድ ማሳ ጋርም አይታሰርም፤ የራሱ ማሳ ባይሰጥ ከሌላ ገዝቶ ያስረክባል። ገዢው ቀድሞ ስለከፈለ ዋጋው ቀነስ ይልለታል፣ ገበሬው ደግሞ በጨለማ ሳይሆን በብርሃን ይሸጣል። ይህን የሚሠራ ማኅበር በየቀበሌው ቢኖር ስንቱ ከአራጣ በወጣ ነበር!

አሁን ወደ ባንኩ። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት በር ከፈተ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 መመሪያ አወጣ፣ ግን የፈቀደው መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡት ብቻ ነበር። ዘምዘምን በሙሉ ባንክነት ለማቋቋም ተነስተው የነበሩት ሰዎች በዚህ ምክንያት ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክና ንግድ ባንክ መስኮት ከፈቱ፤ የንግድ ባንኩን ዛሬ «ሲቢኢ ኑር» የምትሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲቋቋም ፈቀደ። ዘምዘም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ተከተለ፣ ራሚስና ሸበሌም መጡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባቶቻችን ወለድን ሽሽት ብራቸውን ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ካልሆነም ባንክ አስገብተው «ወለዱን አልፈልግም» እያሉ ይመለሱ ነበር።

ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን አደረግን? ብዙዎቻችን ያው ሳጥኑን ወደ ባንክ አዛወርነው። ይህን ስል በሒሳብ ነው። ከወለድ ነፃ ደብተር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወዲዓ ወይም ቀርድ የሚባለው ነው፤ አደራ ነው፣ ብርህ ሳይጎድል ይመለሳል፣ ትርፍ ግን የለውም። ሌላው ሙዳረባ ነው፤ ባንኩ በብርህ ይነግዳል፣ ትርፉን በተስማማችሁት ድርሻ ትካፈላላችሁ፣ ኪሳራም ቢመጣ ያንተ ነው። ሁለቱም ሐላል ናቸው። ግን አንድ አይደሉም! ደብተሩን ስትከፍቱ የትኛውን እንደፈረማችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁ።

100,000 ብር አደራ አስቀምጦ አሥር ዓመት ዝም ያለ ሰው እንውሰድ። ብሩ ከኒሷብ በላይ እንደሆነ እናስብ፤ ኒሷብ 85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው። በየዓመቱ 2.5 በመቶ ዘካ ያወጣል። በአሥረኛው ዓመት የሚቀረው 77,633 ብር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ግሽበት። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሁላችሁም በዘይት ዋጋ ታስታውሱታላችሁ። (ወለድ የሚበላውም አልዳነም፤ 7 በመቶ ወለድ ተቀብሎ ዕቃው 30 በመቶ ከጨመረበት፣ 100 ብሩ የሚገዛው የድሮውን 82 ብር ያህል ነው።) ዘካ ገንዘብን የሚቀጣ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ አልገባችሁም። ዘካ የተቀመጠን ገንዘብ «ተነስ፣ ሥራ» እያለ ይገፋዋል። ኸሊፋው ዑመር የወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው ይነገድበት ማለታቸው የተላለፈልን ለዚህ ነው። ስለዚህ ወለድ አለመብላት የመንገዱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ገንዘቡን ለሥራ ማውጣት ነው።

«ቲቸር፣ የባንኮቹ ሙራባሓ እኮ ስሙን ቀይሮ ያው ወለድ ነው» የምትሉም አላችሁ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። ሙራባሓ ማለት ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋ ነግሮህ፣ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ሲሸጥልህ ነው። 500,000 ብር የገዛውን 600,000 ሸጠልህ እንበል። ቁጥሩ ከ20 በመቶ ወለድ ጋር አንድ ነው፣ እውነት ነው። ልዩነቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ዕቃው አንተ እጅ እስኪገባ የባንኩ ነው፤ በዚያ መሐል ቢቃጠል የተቃጠለው የባንኩ ነው። ሁለተኛ፣ 600,000 ከተባለ 600,000 ነው፤ ብትዘገይ 700,000 አይሆንም፣ የመዘግየት ቅጣት ቢኖርም ባንኩ ለራሱ ትርፍ አያደርገውም፣ ለበጎ አድራጎት ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ ዕቃ የሌለበት ሙራባሓ የለም፤ ጥሬ ብር በጥሬ ብር አይሸጥም።

እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ በተግባር ካሉ ንግድ ነው። ባንኩ ዕቃውን ሳይነካ፣ ሳይረከብ፣ ወረቀት ብቻ አስፈርሞ ካለፈ ግን ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። ልዩነቱን የሚያስጠብቀው ማን ነው? የባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ቦርድ አለ። ግን ከእሱ በላይ የሚያስጠብቀው የሚጠይቅ ደንበኛ ነው። «ዕቃው የእናንተ የሆነው በየትኛው ወረቀት ነው?» የሚል ደንበኛ አሥር ሲሆን ሠራተኛው ይጠነቀቃል፤ መቶ ሲሆን አሠራሩ ይቃናል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሙራባሓ የሚጠቅመው ዕቃ መግዛት የሚችለውን፣ መያዣ ያለውን ነጋዴ ነው። ሐሳብና ጉልበት ያለው፣ መያዣ የሌለው ልጅስ? ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ፈልጎ ያጣው ልጅ ሙሻረካና ሙዳረባ ነው የሚያስፈልገው፣ ባንኩ «አብሬህ ልሞክር» የሚልበት። ባንኮች ይህን የሚፈሩት ኪሳራውን ስለሚካፈሉ ነው። ነገር ግን ከወለድ ነፃ ባንክ ለምን አስፈለገ ታዲያ? ኪሳራን ለመካፈል ካልሆነ ለምን? ሁሉንም በሙራባሓ ከጨረሰው ሕጉን ጠብቆ ዓላማውን ጣለ ማለት ነው። የመስኮት አገልግሎት የምትሰጡትም ብትሆኑ፣ ከሕዝበ ሙስሊሙ የሰበሰባችሁት ተቀማጭ ስንቱ ፋይናንስ ሆኖ እንደተመለሰለት በየዓመቱ በግልጽ ንገሩን። አደራ ነውና የአደራ ሪፖርት ይገባናል።

ወደ አክሲዮን እንምጣ። የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ለሽያጭ ቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፤ ገዢዎቹ 47,377፣ ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ነገ ሌሎች ይመጣሉ። ስለዚህ «ይህ አክሲዮን ሐላል ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከሰው ከመጠበቅ እንዴት እንደሚጠየቅ ብታውቁ ይሻላል።

በዓለም ላይ የሚሠራበት መለኪያ አለ። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ተቋም፣ አዮፊ የሚባለው፣ እንዲህ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ የኩባንያው ዋና ሥራ ምንድን ነው? ቢራ ፋብሪካ ወይም በወለድ የሚሠራ ባንክ ከሆነ ገና በሩ ላይ ቆመ። ስልክ፣ ሲሚንቶ፣ እህል ከሆነ ያልፋል። ቀጥሎ ወደ ቁጥሩ ይገባል። በወለድ የተበደረው ዕዳ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ አይለፍ። በወለድ ያስቀመጠው ገንዘብም እንዲሁ 30 በመቶ አይለፍ። ካልተፈቀደ ምንጭ የሚያገኘው ገቢ ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ አይለፍ። ያችንም ትንሽ ክፍል ባለአክሲዮኑ ከትርፉ አስልቶ ለድሃ ያወጣታል፣ አይበላትም።

አያችሁ? ይህ በመቶኛ የሚሠራ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ግን ለመሥራት የኩባንያውን የሒሳብ መግለጫ መክፈት ግዴታ ነው። ዕዳው ስንት ነው? ትርፉ ከየት መጣ? ስንቶቻችን ነን አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት ይህን የምናይ? ሃይማኖቱ ባያዘውም ማየት ነበረብን። የዕዳን መጠን የሚመረምር ገዢ በዕዳ የተዘፈቀ ኩባንያ አይገዛም። ዲኑ ለነፍስህ ብሎ ያዘዘህ ነገር ኪስህንም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። «ሐላል ኢንቨስትመንት፣ በየወሩ 10 በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ፣ ዋናው ገንዘብ ዋስትና አለው።» ልጆቼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ሙዳረባ ውስጥ የተረጋገጠ ትርፍ የለም። ሥራውን የያዘው ሰው ካላጠፋና ቸል ካላለ በቀር ዋናውን ገንዘብ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ «የተረጋገጠ ትርፍ» ያለህ ሰው ወይ ወለድ እየሸጠልህ ነው፣ ወይ እያታለለህ ነው። ሦስተኛ የለም። «ሌላ ሰው ካስገባህ ኮሚሽን አለህ» ካለ ደግሞ የኋለኛው ገንዘብ ለፊተኛው የሚከፈልበት ጨዋታ ነው፤ ፂምና ኮፍያ ያለው ሰው ስላስተዋወቀው አይጸዳም። መጨረሻ ላይ የሚያለቅሰው ቀለበቷን ሸጣ የገባችው እህታችን ናት። ምን ይሠራል? ዕቃው የት ነው? ኪሳራው የማን ነው? ፈቃዱን ማን ሰጠው? ከአራቱ አንዱን ካልመለሰ፣ ከግሩፑ ውጡ።

ለክርስቲያን ወዳጆቼም አንድ ቃል አለኝ፣ የብዙዎቻችሁ አስተማሪ ነኝና። ይህ ነገር «የእነሱ ጉዳይ» አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ለድሃ ወንድም በወለድ ማበደርን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በ17ኛው ቀኖናው በወለድ የሚያበድርን ካህን ከሹመቱ ይሽረዋል። የአገራችን የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ይለዋል። ከወለድ ነፃ ባንክ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። የእኩል እርሻ፣ የርቢ ላም የጋራችን ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል ማበር ብቻ አይደለም፤ ኪሳራውንም አብሮ መሸከም ነው።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ባንኮች፣ ከሙራባሓ ወጣ በሉ፤ በትንሹም ቢሆን ከወጣቱ ጋር ተሻረኩ። ኢማሞቻችን፣ የሪባን ወንጀል እንደምትነግሩን ሁሉ የሰለምን፣ የሙሻረካን አሠራር በጁሙዓ ኹጥባ አስተምሩን፤ አትብሉ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ብሉ በሉን። ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ ከ9,900 ብር በፊት አንድ ጥያቄ አውጡ። ጥያቄ አይከፈልበትም፣ ዘካም የለበትም።

በዚህ ሳምንት ባንክ ሄዳችሁ «ደብተሬ ወዲዓ ነው ሙዳረባ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ፣ ምን እንደተባላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የባንክና የቅርንጫፍ ስም አያስፈልግም፣ መልሱ ይበቃል። የሸሪዓ እውቀት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም የሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ ሁላችንም እንማርበት። አላህ ሲሳያችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።